የአንገት ንፍፊት ከሜሶቴሊዮማ ሲመጣ

ለኤፍ ኤን ኤ (በቀጭን መርፌ ናሙና ለመውሰድ) የሚመጣ የአንገት ንፍፊት ሲነካ መጀመሪያ የሚታሰበው ቲቢ ነው፣ ቀጥሎ ሊምፎማ (የንፍፊት ካንሰር)። ከሳንባ ሽፋን የተዛመተ ሜሶቴሊዮማ (የሽፋኑ፣ ማለትም የሜሶቴሊየም፣ ሴሎች ካንሰር) ግን ትዝ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። በዚህም የተነሳ በማይክሮስኮፕ ሲታይ አድኖካርሲኖማ (ከአመንጪ ዕጢ ሴሎች የሚነሳ ካንሰር) ተብሎ ይወጣል፤ በሽተኛውም የማይገባውን ሕክምና ይጀምራል። መርፌ ከማንሳት በፊት ደረቱ ውሃ ቋጥሮ እንደሆነ፣ ድሮ አስቤስቶስ ያለበት ሥራ ሠርቶ እንደሆነ ጠይቁ። በሽታው ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከንክኪው ከ20 እስከ 40 ዓመት ቆይቶ ነው።

ከ22 እስከ 25 ጌጅ መርፌ ከ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ጋር ይበቃል። መርፌውን ከማውጣታችሁ በፊት ስበቱን ልቀቁት፤ ካለዚያ ናሙናው ሲሪንጁ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ግማሹን ስላይድ በአየር አድርቃችሁ በራይት ወይም በጊምሳ ቅለሙ፤ ግማሹን ሳይደርቅ ወዲያው 95% አልኮል ውስጥ ክተቱ፣ ለፓፕ ቅለማ። ከዚያ አንድ ሙሉ መርፌ ለሴል ብሎክ (ሴሎቹ ተሰብስበው በሰም ውስጥ ለሚቀመጡበት) ብቻ ይሁን፣ ፎርማሊን ውስጥ። በእኔ አስተያየት ከሁሉም ስላይድ ይህ ይበልጣል።

የሜሶቴሊዮማ ሴሎች የእንጆሪ ፍሬ የመሰለ ጉብጉብ ክምችት ይሠራሉ። አጎራባች ሴሎች መካከል ስስ ክፍተት፣ መስኮት የሚባለው፣ ይታያል። ሳይቶፕላዝሙ መሃሉ ድፍን፣ ዳሩ ፈዛዛ ነው፤ አንዱ ሴል ሌላውን አቅፎ የሚታይበትም ጊዜ አለ። ይህ ሁሉ ጥርጣሬ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም።

ማረጋገጫው ከሴል ብሎኩ የሚሠራው ኢሚዩኖ (የሴሉን ፕሮቲኖች በፀረ እንግዳ አካል የሚለይ ቅለማ) ነው፤ ቢያንስ ሁለት የሜሶቴሊየም፣ ሁለት የካርሲኖማ ምልክት። የሜሶቴሊየም ምልክቶቹ ካልሬቲኒን እና ደብሊው ቲ 1 ፖዘቲቭ፣ የካርሲኖማዎቹ ክላውዲን 4 እና ሞክ 31 ኔጋቲቭ ከሆኑ ወደ ሜሶቴሊዮማ ያዘነብላል። አንዱን ብቻ አትመኑ፤ ደብሊው ቲ 1 በእንቁልጢ ሲረስ ካርሲኖማም ይቀለማል፣ ሌላው የሜሶቴሊየም ምልክት ሲኬ 5/6 ደግሞ በስኳመስ ካርሲኖማ። ንፍፊት ውስጥ ጤነኛ የሜሶቴሊየም ሴሎች ተሸሽገው ሊገኙ ስለሚችሉም ባፕ 1 የተባለው የኒውክሊየስ ፕሮቲን መጥፋት ትልቅ ድጋፍ ነው። ግን በዙሪያው ያሉት ሊምፎሳይቶች ኒውክሊየስ መቀለሙን አስቀድማችሁ እዩ፤ እነሱም ካልቀለሙ ማቅለሚያው አልሠራም ማለት ነው።

ሳርኮማቶይድ (ሹል ሴሎች ያሉት) የሜሶቴሊዮማ ዓይነት ለመርፌ በቀላሉ አይለቅም፤ የሚወጡት ጥቂት ሹል ሴሎች ናቸው፣ ካልሬቲኒንም ኔጋቲቭ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን "አደገኛ ሴሎች አሉ፣ ዓይነቱ አልተለየም" ብላችሁ ጻፉና ኮር ባዮፕሲ (በወፍራም መርፌ የሚወሰድ ቁራጭ ናሙና) ጠይቁ።