ማን ቀድሞ ይበላል? ሁለት ሌሊት በሐረር

ከድሬዳዋ ሐረር በሚኒባስ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ፈጀብኝ። ዳገቱን ስንወጣ ሙቀቱ ቀለል አለ፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የጫት ማሳ ነው። ሌላው ብዙም ትዝ አይለኝም። ሐሳቤ ማታ ማታ ሰው ሥጋ የሚመግባቸው የሐረር ጅቦች ጋ ነበር።

ደብረ ብርሃን ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የእንስሳት ባህርይ የሚለው ትምህርት ላይ ስደርስ እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት የተጋሩትን ሦስቱን ሰዎች እጠቅሳለሁ። ሎሬንዝን ከዝይ ጫጩቶቹ፣ ፎን ፍሪሽን ከንቦቹ፣ ቲንበርገንን ከወፎቹ ጋር። ተማሪዎቼ ዝይ አይተው አያውቁም። ጅብ ግን በየሌሊቱ ይሰማሉ። የቲንበርገን ተማሪ የነበረው ሃንስ ክሩክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ታንዛኒያ ሄዶ ጅብን ሌሊት ሌሊት እየተከተለ አጥንቷል። ጅብ የሌላ አውሬ ትራፊ ለቃሚ ብቻ እንዳልሆነ፣ ራሱ አሳድዶ እንደሚገድል ያሳየው እሱ ነው። እኔም እንደሱ ቁጭ ብዬ ማየት ፈለግኩ።

ከመናኸሪያ ሆቴል ድረስ ባጃጁ 400 ብር አስከፈለኝ። ማታ የሆቴሉ ዘበኛ «አቦ ጋሼ፣ መቶ ብር እኮ ነው!» ሲለኝ አንጀቴ አረረ። እኛ ጋ ዋጋ ሳይነገር ማንም አይሳፈርም። በማግስቱ ዘበኛው ራሱ ወጥቶ ባጃጅ ተደራደረልኝ፤ የሻይ ልስጥህ ብለው አልቀበልም አለ።

ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከጀጎል ግንብ ውጭ ነበርኩ። የጅቦቹ መጋቢ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እየተጣራ ነው። ጅቦቹ ከጨለማው አንድ በአንድ ወጡ። ዘጠኝ ቆጠርኩ። ሌሎቹ እንግዶች ሥጋ የተጠመጠመበትን እንጨት በአፋቸው ይዘው ፎቶ ይነሳሉ። እኔ ደብተሬን ይዤ ጥግ ቆምኩ። እያንዳንዱ ቁራጭ ለማን እንደደረሰ መጻፍ ጀመርኩ።

ከ23 ቁራጭ 9ኙን የወሰደው አንድ ጆሮው የተቀደደ ግዙፍ ጅብ ነበር። «ወንድ» ብዬ ጻፍኩ። መጋቢው አየኝና «ሴት ናት እኮ፤ ትልልቆቹ ሴቶቹ ናቸው» አለኝ። ሰረዝኩት። ማወቅ ነበረብኝ። ነጠብጣባሙ ጅብ ዘንድ ሴቷ ከወንዱ ትገዝፋለች፣ ትገዛለችም። ልጅ ደረጃውን የሚወርሰው ከእናቱ ነው። ወንዱ ሲጎረምስ ከተወለደበት መንጋ ይወጣና ሌላ መንጋ ውስጥ ከሁሉም በታች ሆኖ ይጀምራል። ይህን ተመራማሪዋ ኬይ ሆለካምፕና ባልደረቦቿ ኬንያ፣ ማሳይ ማራ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ መንጋዎቹን ለትውልዶች በመከታተል አጥንተውታል። ጥግ ላይ ቆሞ አንድም ቁራጭ ያልደረሰው ቀጭን ጅብ ከሌላ ቦታ የመጣ ወንድ ይሆን? በአንድ ማታ አይታወቅም።

አንዱ ሥጋ ሊነጥቅ ሞከረና ጆሮ ቀዳዳዋ አባረረችው። ያኔ «ሳቀ»። እንግዶቹም አብረው ሳቁ። እኔ ግን አዘንኩለት። ያ ድምፅ ደስታ አይደለም። የተባረረና የተጨነቀ ጅብ ነው እንዲያ የሚለው።

የኛ ሰው ሥራም ትዝ አለኝ። ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ ትግራይ ውስጥ የጅብ ኩስ እየሰበሰቡ በውስጡ የተገኘውን ፀጉር ለዩ። በዓቢይ ጾም ሥጋ ቤት ሲዘጋና ትራፊ ሲጠፋ የአህያ ፀጉር በዛ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ታተመ። እንዲህ ያለ ምርምር የውጭ ሰው ብቻ የሚሠራው ለሚመስላቸው ተማሪዎቼ ደጋግሜ የምነግራቸው ይህን ነው።

ሌሊቱ መከራ ነበር። ከሆቴሉ ሥር ሰርግ አለ፤ ድምፅ ማጉያው እስከ 8 ሰዓት አላረፈም። ቧንቧው ጠብ አይልም። ለእንግዳ ተቀባዩ ብናገር «ይቅርታ» አለኝ፣ በቃ። በ3 ሰዓት መብራት ለሚያጠፋ እንደኔ ያለ ሰው ይህ ከባድ ነው። ሙዚቃው ሲቆም ግን ያ ከዝቅታ ተነስቶ ሽቅብ የሚወጣ ጥሪ ከሩቅ ተሰማ። ኪሎ ሜትሮች አልፎ ይሰማል፤ ጅቦችም አንዳቸው የሌላውን ይለዩታል። ቤቴ ቢሆን ኖሮ የግቢው ውሾች ያብዱ ነበር፣ እኔም በሩ መቆለፉን ለማየት እነሳ ነበር። እዚህ ተኝቼ አዳመጥኩ።

በሁለተኛው ሌሊት ዘበኛው 10 ሰዓት ላይ ቀስቅሶ ጀጎል ውስጥ ይዞኝ ገባ። ጠባብ መንገድ ላይ አንዲት እናት ከፊታችን ይሄዳሉ። ጅብ በማጠፊያው ብቅ አለ። ጉልበቴ ከዳኝ። እሳቸው ግድግዳው ተጠግተው ዞር አሉና «ልጄ፣ ጥግህን ያዝ፤ ያልፋል» አሉኝ። በአንድ እርምጃ ርቀት አለፈ። ጆሮው ቀጥ ያለ፣ ጭራው የወረደ፣ ሩጫ የለው። ግንቡ ሥር ሐረሮች ወራባ ኑዱል ወደሚሉት የጅብ መተላለፊያ ቀዳዳ አመራ።

ከኋላው ግማሹን የማያክል የጅብ ግልገል ዱብ ዱብ እያለ ተከተለ። ደብተሬ ላይ «እናት ሳትሆን አትቀርም» ብዬ ጻፍኩ። ሰዓቱንም፦ 10፡20።