ወንዙ ሌሊት ምን ይሆናል?

የምርምር ደብተሬን ትናንት አስረከብኩ። ሽፋኑ ውሃ ነክቶት አብጧል። አንዳንዱ ገጽ ላይ የአዮዲን ጠብታ ቡናማ ሆኖ ቀርቷል። ደብተሩ የላብራቶሪው ንብረት ስለሆነ ይዤው መሄድ አልችልም። ከመስጠቴ በፊት ግን ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አነበብኩት። አስር ሳምንት ሙሉ እዚያ ውስጥ አለ። ይህን የምጽፈው እዚያ ያልገባው ነገር እንዳይጠፋብኝ ነው።

የሦስተኛ ዓመት የአካባቢ ምህንድስና ተማሪ ነኝ። በትምህርት እረፍቱ ወራት የቅድመ ምረቃ ተማሪዎችን ተቀብሎ ምርምር የሚያሠራ ላብራቶሪ ውስጥ ገባሁ። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። አንድ ትንሽ ወንዝ፣ አምስት የናሙና ቦታ፣ በሳምንት ሁለት ቀን። ሙቀት፣ ፒኤች (የአሲድነቱ ልክ)፣ ድፍርስነት፣ ናይትሬት፣ ፎስፌት፣ ኢ. ኮላይ የሚባለው የሰገራ ባክቴሪያ፣ ከዚያ ደግሞ በውሃው ውስጥ የሟሟ ኦክስጅን።

እነዚህን ሁሉ በቀመር አውቃቸው ነበር። ወንዙ ጋ ስደርስ ግን የመጀመሪያው ትምህርት አቋቋም ሆነ። ፊቴን ውሃው ወደሚመጣበት አዙሬ እቆማለሁ፤ እግሬ የቀሰቀሰው ጭቃ ወደ ኋላዬ እንዲሄድ እንጂ ጠርሙሴ ውስጥ እንዳይገባ። ጠርሙሱን አፉን ደፍቼ እነክረዋለሁ፣ ከዚያ ውሃው ውስጥ እንዳለ ወደ ፍሰቱ አዞረዋለሁ። ወዲያው በረዶ ያለበት ሳጥን ውስጥ ይገባል። ለባክቴሪያ የሚሆነው ናሙና ቢቻል በ6 ሰዓት ውስጥ ሥራው መጀመር አለበት። ባክቴሪያው ጠርሙስ ውስጥም ይሞታል፣ ይባዛል፤ እኔን አይጠብቅም።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ አንድ ነገር አበላሸሁ። ባልናገረው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ የቀየረው እሱ ነው።

ለኢ. ኮላይ ምርመራ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ቀዳዳው 0.45 ማይክሮሜትር በሆነ ስስ ማጣሪያ እናሳልፋለን። ባክቴሪያው ማጣሪያው ላይ ይቀራል። ማጣሪያውን ማብቀያ ያለበት ሳህን (ፔትሪ ዲሽ) ላይ አድርገን 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ኢንኩቤተር ውስጥ ለ24 ሰዓት እናቆየዋለን። እኛ በምንጠቀመው ማብቀያ ላይ ኢ. ኮላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። በየዙሩ ደግሞ አንድ ብላንክ አለ። ብላንክ ማለት ጀርም የሌለበት ውሃ በዚያው መሣሪያ ማሳለፍ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ 100 ሚሊ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ አንድም ኢ. ኮላይ መገኘት የለበትም ይላል። ብላንኩማ ከዚያም የነጻ መሆን አለበት። የዚያን ቀን ሳህኑን ስከፍተው ሦስት ሰማያዊ ነጠብጣቦች ቁልጭ ብለው አየኋቸው።

መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ሳህኑን መጣል ነበር። ማንም አላየኝም። የአምስቱ ቦታዎች ውጤት ከባለፈው ሳምንት ጋር ተቀራራቢ ስለሆነ የሚጠረጥርም አይኖርም። ከዚያ ግን ትዝ አለኝ። በሁለት ናሙናዎች መካከል ውሃው የሚፈስበትን ፈነል ማምከን ረስቻለሁ። ከየትኛው ናሙና ጀምሮ እንደረሳሁ ደግሞ አላውቅም።

የላብራቶሪውን ቴክኒሻን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ፊቴን አይተው "ምን ሆነሻል ልጄ?" አሉኝ። ሳህኑን አሳየኋቸው። አልተቆጡም። መነጽራቸውን አድርገው ነጠብጣቦቹን ቆጠሩ። "ሦስት" አሉ። "በይ ጻፊው። ከነሰዓቱ፣ ከነምክንያቱ። እኔ ጓዳ ውስጥ ስንት ዓመት የተጠራቀመ ደብተር አለኝ፤ ስህተት የሌለበትን ደብተር ነው የማላምነው።"

ጻፍኩት። የዚያን ቀን የባክቴሪያ ውጤት በሙሉ ሰረዝኩ። የሁለት ቀን ልፋት ነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ደብተሬ ላይ ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ ሰዓቱን፣ ሰማዩን፣ ንፋሱን፣ ማን እንደለካው መጻፍ ጀመርኩ። መጀመሪያ ለቅጣት ያህል ነበር። ኋላ ላይ ለካ የሚያስፈልገኝ እሱ ኖሯል።

አምስተኛው ሳምንት ላይ አራተኛው ቦታ ግራ አጋባኝ። ከእርሻው በታች ነው። ውሃው ረጋ ይላል፣ ዛፍ ስለሌለ ፀሐይ እንደልብ ይወርድበታል፣ ድንጋዮቹ አረንጓዴ ለብሰዋል፤ ሲነኳቸው ያሟልጫሉ። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ፕሮቡን፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሚነከረውን መለኪያ፣ ስከተው የሟሟው ኦክስጅን 12.4 ሚሊግራም በሊትር አለኝ። የውሃው ሙቀት 22 ዲግሪ ነበር። በዚያ ሙቀት፣ በባሕር ጠለል ከፍታ እንኳ፣ ውሃ ከአየር ወስዶ የሚይዘው 8.7 ገደማ ነው። ፕሮቡ ተበላሽቷል ብዬ ደመደምኩ። ልኩን እንደገና አስተካከልኩት። 12.3።

የምትመራኝ የዶክትሬት ተማሪ "ፕሮቡን ካላመንሽው ዊንክለር ሥሪ" አለችኝ።

ዊንክለር የሃንጋሪ ኬሚስት ነው። የሟሟ ኦክስጅንን በኬሚካል የመለካት ዘዴውን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1888 ሲሆን ያኔ ገና ዶክትሬቱን የሚሠራ ወጣት ነበር። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። አንድ ተማሪ ያሰበው ነገር እስከዛሬ ድረስ ሰው ማሽኑን ሲጠራጠር የሚመለስበት ሆኗል።

ሥራው ያምራል። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን የመስታወት ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልቼ ክዳኑን ሳስገባ አንዲት የአየር አረፋ እንኳ መኖር የለባትም። መጀመሪያ ማንጋኒዝ ሰልፌት፣ ቀጥሎ አዮዳይድ ያለበት አልካሊ። ወዲያው ጠርሙሱ ውስጥ ደመና የመሰለ ነገር ይነሳል። ኦክስጅን ከሌለ ነጭ ነው፤ ካለ ቡናማ ይሆናል። ብዙ ካለ ቡናማው ይጠቁራል። የእኔው የተፈጨ ቡና መስሎ ወደ ታች ወረደ። አሲድ ሲጨመርበት ደመናው ይሟሟና ውሃው የአዮዲን ቢጫ ይሆናል። ከዚያ ከቡሬቱ፣ ጠብታ በልክ ከሚለቀው ቱቦ፣ ታዮሰልፌት ጠብ ጠብ። ስታርች ሲገባ ጥቁር ሰማያዊ። አንድ ጠብታ፣ አንድ ጠብታ፣ ከዚያ በአንዷ ጠብታ ሰማያዊው ድንገት ጥፍት ይላል። ውሃው ኩልል ብሎ ይቀራል። መጠኑ በትክክል ከተያዘ ከቡሬቱ የወጣው እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር በሊትር አንድ ሚሊግራም ኦክስጅን ማለት ነው። 12.2 ወጣ። ፕሮቡ ደኅና ነበር።

ነገሩ አልጌው ነው፤ ድንጋዮቹን የለበሰው አረንጓዴ። ከእርሻው የሚወርደው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይመግበዋል፣ ፀሐዩ ያሠራዋል፤ ቀን ቀን ኦክስጅን እየሠራ ውሃው ከሚችለው በላይ ይሞላዋል። ፒኤቹም 9 የደረሰው ለዚህ ነው፤ አልጌው ከውሃው ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ስለሚወስደው። ሪፖርት ላይ ቢጻፍ ግን ኦክስጅን የሞላበት ጤነኛ ወንዝ ይመስላል። እኔም በዚያ ሳምንት እንደዚያ ብዬ ልጽፍ ነበር።

ያስቆሙኝ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ብዙ ጊዜ ወንዙ ዳር ሲሄዱ አያቸዋለሁ። ሰላም እንባባላለን። አንድ ቀን ቆም ብለው ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ። "ኦክስጅኑን እየለካሁ ነው አባባ፣ ዓሣው የሚተነፍሰውን" አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና "ታዲያ በቀትር ምን ትለኪያለሽ?" አሉኝ። "ጎህ ሲቀድ ነይ። ዓሣው ሁሉ ወደ ላይ ወጥቶ አፉን እየከፈተ አየር ሲውጥ ታያለሽ። ፀሐይ ሲሞቅ ይመለሳል።"

እዚያው ቆሜ ደብተሬን ገለጥኩ። ሰዓቶቹን ሁሉ አየሁ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ 5 ሰዓት ተኩል፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ 9 ሰዓት። ከዚያ በፊት ወይም በኋላ አንድም የለም። ወንዙን የምናውቀው በእኛ የሥራ ሰዓት ብቻ ነበር።

ያበሳጨኝ ነገር መልሱን ቀድሞም ማወቄ ነው። ቢኦዲ (በውሃው ውስጥ ያሉ ረቂቅ ሕዋሳት የሚፈጁትን ኦክስጅን የሚለካ ምርመራ) ስንሠራ ጠርሙሱ 20 ዲግሪ ላይ ለ5 ቀን ይቀመጣል፣ ያውም ጨለማ ውስጥ። ለምን ጨለማ? አልጌው ብርሃን አግኝቶ ኦክስጅን እየሠራ ውጤቱን እንዳያበላሽ። ይህን ፈተና ላይ ጽፌ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። ወንዙ ራሱ ግን በየቀኑ አስራ ምናምን ሰዓት ጨለማ ውስጥ እንደሚያድር፣ ያኔ አልጌው መሥራቱን አቁሞ እንደሌላው ሁሉ መተንፈስ ብቻ እንደሚሆን አላሰብኩም።

ስምንተኛው ሳምንት ላይ አራተኛው ቦታ አደርን። እኔ፣ የዶክትሬት ተማሪዋና ጋሼ። ለሌሊት ሥራ ብቻን መውጣት ክልክል ነው፤ ጋሼ ደግሞ "እኔ ሳልኖር አትሄዱም" አሉ። የራስ ላይ ባትሪ፣ ቦት ጫማ፣ አንድ ሳጥን የዊንክለር ጠርሙስ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ኦክስጅኑ 9.8 ነበር። 4 ሰዓት ላይ 6.1። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ 4.4። እየተፈራረቅን እናሸልብ ነበር፤ ከ4.4 በኋላ ግን ማናችንም አልተኛንም። ለብዙ የዓሣ ዓይነቶች 5 እንደ ዝቅተኛ ወለል ነው የሚታየው። 9 ሰዓት ላይ 3.4።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት። ፕሮቡ 2.9 አለ። ጠርሙሱን ሞልቼ ማንጋኒዙንና አልካሊውን ጨመርኩ። ጋሼ ባትሪያቸውን አበሩልኝ። የተነሳው ደመና ከነጭ ትንሽ ብቻ ያለፈ ነበር፤ ብዙ ወተት የገባበት ሻይ ዓይነት። ያን የጠቆረ ቡናማ የሠራሁት ከዚሁ ቦታ፣ ከዚሁ ውሃ ነው። ማናችንም ምንም አልተናገርንም። ከዚያ ከወደ ዳር ትንንሽ ድምፅ ሰማን፤ ጠብ፣ ጠብ የሚል። ባትሪውን ስናዞር የትንንሽ ዓሦች አፍ ውሃው ላይ ይከፈታል፣ ይዘጋል። በጣም ብዙ ናቸው። አባባ እንዳሉት ነው።

ያኔ አለቀስኩ። ድካሙም ይሆናል። ግን ሰባት ሳምንት ሙሉ በቀን ስመጣ ስሄድ እነሱ በየሌሊቱ እንደዚህ ሲያድሩ ነበር።

ላብራቶሪ ገብቼ ያን ጠርሙስ ስለካው ከቡሬቱ የወጣው 2.8 ሚሊ ሊትር ነው።

የማጠቃለያ ፖስተሩ ላይ ትንሽ ተከራከርን። የዕለቱ አማካይ ይግባ የሚል ሐሳብ ነበር፤ አማካዩ ከ6 በላይ ስለሆነ ጥሩ ነው የሚመስለው። እኔ አልተስማማሁም። ዓሣ በአማካይ አይተነፍስም። ለአንድ ሰዓት የሚበቃ ካጣ የቀኑ ትርፍ አያድነውም። በመጨረሻ የ24 ሰዓቱ ግራፍ ትልቅ ሆኖ መሃል ላይ ገባ፣ እያንዳንዱ ነጥብ ከነሰዓቱ። ከዚያ በፊት የነበሩት ዓመታት መረጃዎችም አሉ፤ ሁሉም በቀን የተወሰዱ ናቸው። አልጣልናቸውም። ሰዓታቸውን አጠገባቸው ጻፍን።

ትናንት ደብተሩን ካስረከብኩ በኋላ ወንዙ ጋ ሄጄ አባባን አገኘኋቸው። ግራፉን በስልኬ አሳየኋቸውና የትኛው ነጥብ የትኛው ሰዓት እንደሆነ ነገርኳቸው። ጣታቸውን ከታች ያለው ነጥብ ላይ አደረጉ። "ይኸው" አሉ። ቀጥለው "ታዲያ አሁን ምን ታደርጉላቸዋላችሁ?" አሉኝ። ከእርሻው ጠርዝ ላይ ዛፍና ሣር ቢተከል ማዳበሪያው ወደ ውሃው ሳይደርስ እንደሚያዝ፣ ጥላውም የአልጌውን እድገት እንደሚቀንሰው ነገርኳቸው። "ማን ይተክለዋል?" አሉ። እሱን አላውቅም አልኳቸው።

አራተኛው ቦታ ላይ ከድንጋይ ጋር የታሰረ ሴንሰር ትተናል። በየ15 ደቂቃው ይመዘግባል፤ ሌሊትም።