የእማዬ ስለት

እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ምስክርነት ጻፊ እያለች ስትወተውተኝ የከረመችው እማዬ ናት።

በ2011 ዓ.ም. በሰሙነ ሕማማት ቤተ ልሔም ላይ ጠፋችብኝ። ልደት ቤተ ክርስቲያንን ተሳልመን ስንወጣ ሰው በሰው ላይ ነው፤ ሁሉም ነጭ ለብሷል። የሌላ ሰው እናት ነጠላ ተከትዬ አውቶቡስ ገባሁ። የገባኝ ኢየሩሳሌም ስንደርስ ነው። ፓስፖርቷ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው። አውቶቡሱ እስኪመለስ ድረስ ኪዳነ ምሕረትን ስጣራ ከንፈሬ ደረቀ።

ስንደርስ እማዬ የወይራ እንጨት መስቀል የሚሸጥበት ሱቅ በር ላይ ተቀምጣ ሻይ ትጠጣለች። «ቅጠል የገባበት ሻይ ሰጠኝ» አለችኝ፣ እንደ ጉድ። ናና ነው። ባለሱቁ የቤት ሳሁር ሰው ነው፤ የእረኞቹ መንደር ከምንላት። ኢየሩሳሌም ሊያደርሳት አይችልም፤ ኬላውን ለማለፍ ፈቃድ ይፈልጋል። ሱቁን ትቶ አጠገቧ ቁጭ አለ። ገንዘብ ብሰጠው እምቢ አለ። ይልቅ መዳፍ የምታክል መስቀል ለእማዬ ሰጣት። እሷም «የዚህን ሰው ብድር ሳልመልስ እንዳልሞት» ብላ እዚያው ተሳለች።

ከዚያ ሐማስ እስራኤልን ያጠቃበት መስከረም 26, 2016 መጣ። ጦርነቱ ተከተለ። ጥቅምት 8 ጋዛ ውስጥ የቅዱስ ፖርፊርዮስ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ተመትቶ የተጠለሉ ሰዎች ሞቱ። ቤተ ልሔም የገና በዓሏን አጠፈች፤ ተሳላሚም ቀረ። እማዬ ዜና ባየች ቁጥር «ያ ልጅ ምን ይበላ ይሆን?» ትላለች። ልጅ የምትለው የሃምሳ ዓመት ሰው ነው።

መስቀሉ ጀርባ ላይ ስልክ ነበረው። ግን እማዬ ስትስመው ስትስመው የመጨረሻዋ ቁጥር ጠፍታለች። በ2017 ጾመ ነቢያት አንድ ማታ እሷ መቁጠሪያዋን ይዛ እኔ ስልኬን ይዤ ተቀመጥን። ከ0 እስከ 9 ደወልኩ። ሦስቱ አይሠሩም። አንዱ በዐረብኛ ጮኾ ዘጋብኝ። የተቀሩት አላነሱም። እማዬ ሻይ ይዛ የተነሳችውን ፎቶ በዋትስአፕ ለሁሉም ላክሁ።

በሦስተኛው ቀን የሰውዬው ልጅ መለሰች። «አባቴ ያቺ እናት በሕይወት አለች ወይ? ይላል።» እማዬ እልል አለች። ጎረቤት ልጅ ተወለደ ብሎ መጣ።

ሱቁ ከተዘጋ ከዓመት በላይ ሆኖታል። የሚስቱ ወንድም ከነቤተሰቡ ጋዛ፣ የቅድስት ቤተሰብ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተጠልሏል። የማኅበራችን ሴቶች ገንዘብ አዋጡ። አንዷ «ፍልስጤም ውስጥ ክርስቲያን አለ እንዴ?» አለች። ሌላዋ «የራሳችን ረሃብተኛ አነሰ?» አለች፤ ልክ ናት፣ አላነሰም። እማዬ ግን «እኔ ስጠፋ ሰውዬው የሀገሩን አሮጊት ፍለጋ አልሄደም» አለቻት። ያቺ ሴት ናት በኋላ ከሁሉ አብልጣ ያዋጣችው።

እሱ ግን ምጽዋት አልቀበልም አለ። እዘዙኝና ልሥራ። 40 መስቀል አዘዝን። ገንዘቡን ውጭ ያለችው እህቴ ላከችለት፤ እሱም ግማሹን በቤተ ክርስቲያን በኩል ለጋዛዎቹ አደረሰ።

ሐምሌ 10, 2017 የተጠለሉበት ቤተ ክርስቲያን ተመታ። ሁለት ቀን መልእክት የለም። እማዬ እህል አልቀመሰችም። በሦስተኛው ቀን «ሁሉም ደኅና ናቸው» የሚል መጣ። የዚያን ቀን እዚያው 3 ሰዎች ሞተዋል። ለእነሱም የጸለየላቸው ነበር። ይህን ሳስብ «ጸሎቴ ተሰማ» ማለቱ አፌ ላይ ይከብደኛል። ቢሆንም የሆነውን መደበቅ አልችልም።

ካርቶኑን አንዲት መነኩሲት ይዘውልን መጡ። እማዬ ምንጣፍ ላይ ዘርግታ ቆጠረች። 41። እንደገና ቆጠረች። የተረፈችው ከሁሉ ታንሳለች፤ ግርጌዋ ላይ ትንሽዬ የሻይ ብርጭቆ ተቀርጾባታል። እማዬ መነጽሯን አድርጋ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች።

«ውይ፣ ቅጠሏን ሳይቀር!»