ስቶክፊሽን ለማሸነፍ መታገል ካቆምኩ በኋላ

ስድስት ወር ሙሉ ማታ ማታ ስቶክፊሽ ከሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ጋር ቼዝ ተጫወትኩ። ስልኬ ላይ የመጨረሻው ደረጃ ላይ አድርጌው። አንድም ቀን አላሸነፍኩም፣ አቻም አልወጣሁም። እሱ እንኳ ምንም አልነበረም። የከፋው ከሰው ጋር ስጫወት ፈሪ መሆኔ ነው። ማጥቃት ስጀምር «ይሄ የሆነ ቦታ ቀዳዳ ይኖረዋል» እያልኩ እመለሳለሁ፤ ማሽኑ ስህተቴን ሁሉ ስለሚቀጣ ሰውም እንደዚያው የሚቀጣኝ ይመስለኝ ነበር።

ሰው ከኮምፒውተር ጋር እኩል መሄድ ይችላል ወይ ለሚለው መልሱ ከታወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1996 የዓለም ሻምፒዮኑ ካስፓሮቭ ዲፕ ብሉ የተባለውን የአይቢኤም ኮምፒውተር 4 ለ 2 አሸነፈ፣ በ1997 ደግሞ 3.5 ለ 2.5 ተሸነፈ። ብዙ ሰው ነገሩ እዚያ ያለቀ ይመስለዋል። ግን በ2002 ሩሲያዊው ክራምኒክ ዲፕ ፍሪትዝ ከተባለ የቼዝ ፕሮግራም ጋር 4 ለ 4 ተለያይቷል። ያበቃለት በ2005 ሃይድራ የተባለ የቼዝ ኮምፒውተር እንግሊዛዊውን ማይክል አዳምስን 5.5 ለ 0.5 ሲያሸንፍ፣ በ2006 ደግሞ ክራምኒክ በዲፕ ፍሪትዝ 4 ለ 2 ሲረታ ነው። በዚያ ግጥሚያ የዓለም ሻምፒዮኑ ክራምኒክ በአንድ እርምጃ የሚመጣ ማት፣ ማለትም ንጉሡ ማምለጫ አጥቶ ጨዋታው የሚያልቅበትን፣ ሳያይ ቀረ። ያን ጨዋታ ባየሁት ቁጥር ያመኛል። ሰው ይደክማል፣ ማሽን ግን አይደክምም።

ስለዚህ አካሄዴን ቀየርኩ። ከሰው ጋር ተጫውቼ ስጨርስ ማሽኑን አልከፍትም። መጀመሪያ ደብተር ላይ በእጄ እጽፋለሁ፦ የት ጋ ፈራሁ፣ የት ጋ የተሻልኩ መሰለኝ፣ ምን አስቤ ፈረሱን መለስኩ። ከዚያ በኋላ ነው ስቶክፊሽን የምጠይቀው። ቀድሞ መልሱን ካየሁ ጭንቅላቴ «አዎ፣ አውቀው ነበር» ይላል፤ ምንም ሳላውቅ። በጽሑፍ ካስቀመጥኩት ግን መዋሸት አልችልም። ከሁሉም የጠቀመኝ ይሄ ነው፣ አሰልቺ ቢሆንም።

ከአልፋዜሮም ተምሬያለሁ። በ2017 ይፋ የሆነው ይህ ፕሮግራም የጨዋታውን ሕግ ብቻ ይዞ ከራሱ ጋር እየተጫወተ ተማረ፣ ከዚያም ከስቶክፊሽ ጋር ካደረጋቸው 100 ጨዋታዎች 28ቱን አሸንፎ 72ቱን አቻ ወጣ። ጨዋታዎቹን ሳይ የገረመኝ ስሌቱ አይደለም። ወታደር መስዋዕት አድርጎ ይታገሣል። የዳር ወታደሩን እየገፋ ንጉሡን ያፍናል። ይሄ ለሰውም የሚገባ ሐሳብ ነው፣ እኔም ሞክሬ ሠርቶልኛል።

አሁንም ከስቶክፊሽ ጋር እጫወታለሁ፣ ከመጀመሪያው አቀማመጥ ግን አይደለም። የጨዋታ መጨረሻዎችን አቀርብለታለሁ። ባለፈው ሳምንት እኔ ግንብ ብቻ፣ እሱ ግንብና አንድ ወታደር የያዝንበትን የፊሊዶር አቀማመጥ አቀረብኩለት። ዘዴው የቆየ ነው፦ ግንብህን ከራስህ በኩል ሦስተኛው ረድፍ ላይ አቁመህ የባላጋራህን ንጉሥ ታግደዋለህ፤ ወታደሩ ወደዚያ ረድፍ ሲገባ ግንብህን ወደ ሌላኛው ዳር ልከህ ከኋላ ቼክ ማለት ትጀምራለህ። መሄጃ አጣ። በሰከንድ ሚሊዮኖችን ቢያሰላም እዚያ ቦታ ላይ ማሸነፊያ የለም። አቻ ወጣን።