ለአጋዘን የተዘራ ማሳ

ከሚኒያፖሊስ ተነስቼ ዋባሻ ላይ ሚሲሲፒን ተሻገርኩና ዊስኮንሲን ገባሁ። መንገዱ ሁለት ሰዓት ያህል ነው፤ የሚወራ ነገር የለውም። የሚወራው ያደርኩበት ሞቴል ነው። ኢንተርኔት ላይ 79 ዶላር ይላል። ጠዋት ሂሳቡ 112 ሆኖ ጠበቀኝ። የጽዳት ነው አሉ፣ የአገልግሎት ነው አሉ። ማሞቂያው ሲንኳኳ አደረ፤ ብርድ ልብሱም ስስ ነው። ተከራክሬ አስር ዶላር አስቀነስኩ። እስካሁን ያናድደኛል።

የሄድኩት ቡፋሎ ካውንቲ፣ የሥራ ባልደረባዬ አባት ዘንድ ነው። አካባቢው ትልልቅ ቀንድ ባላቸው ባለ ነጭ ጭራ አጋዘኖች የታወቀ ነው። ሽማግሌው ደግሞ ለእነዚህ አጋዘኖች መኖ ይዘራሉ። እኔ ያደግኩት ጎጃም ነው። ልጅ ሆነን ማማ ላይ ወጥተን፣ ወንጭፍ ይዘን፣ ዝንጀሮ ከማሳ ስናባርር እንውል ነበር። እዚህም ማማ አለ። እሳቸው የሚወጡበት ግን አውሬው መጥቶ ሲበላ ለማየት ነው፤ ወቅቱ ሲደርስም ለማደን።

ቦት ጫማ አውሰውኝ ወጣን። ማሳው ጫካ መሃል ያለች፣ አንድ ኤከር የማትሞላ ገላጣ ናት። በአንድ ወገን ማገጥ የሚባለው የመኖ ተክል፣ በሌላው ተርኒፕ የሚባል ሥሩ የሚበላ አትክልት ተዘርቶባታል። ከሁሉ በፊት አፈሩን አስመረመሩ። አሲዳማ ሆኖ ሲገኝ ኖራ በተኑበት። የጎጃም ገበሬም የሚያውቀው ሕክምና ነው። አፈሩ ካልታከመ ማዳበሪያው በከንቱ ይቀራል፤ ማገጡም በደንብ አይዝም። "ሰው ገንዘቡን ዘር ላይ ያፈስና ኖራውን ይረሳል" አሉኝ።

ተርኒፑን የዘሩት ሐምሌ ማብቂያ ላይ ነው። አንዱን ነቅለው፣ በሰንጢ ልጠው ሰጡኝ። ጣፋጭ ነው! ውርጭ ሲመታው ስኳሩ ይጨምራል፤ አጋዘኑም በብዛት የሚመጣው ያኔ ነው። ማገጡ መሃል የሽቦ ቅርጫት ተደፍቷል። ቅርጫቱ ውስጥ ያለው ቁርጭምጭሚት አልፎ ለምልሟል፤ ውጭ ያለው ተግጦ ከመሬት ተስተካክሏል። ልዩነቱን አይተው ምን ያህል እንደተበላ ያውቃሉ። ይህቺ ሽቦ በጣም ደስ አለችኝ።

ታዲያ በቆሎ ገዝተው ለምን አይደፉላቸውም? ስጠይቃቸው ፊታቸው ተለወጠ። አጋዘን የሚያመሰኳ እንስሳ ነው። በበረዶው ወቅት ቅርንጫፍ ሲቀነጥብ የከረመ ሆድ ድንገት በቆሎ ከሞላበት፣ ውስጡ አሲድ ይበዛና እንስሳው ጠግቦ ይሞታል። ሌላው በሽታው ነው። አንጎል የሚጎዳ፣ አጋዘኑን አክስቶ የሚገድል፣ መድኃኒት የሌለው በሽታ ዊስኮንሲን ውስጥ የተገኘው በ2002 እ.ኤ.አ. ነው። በምራቅና በሽንት ይተላለፋል፤ አፈር ውስጥም ለዓመታት ይቆያል። ስለዚህ በብዙ ካውንቲዎች እህል ከምሮ መቀለብ በሕግ ተከልክሏል። መዝራት ግን ይፈቀዳል። እዚህ ላይ አፋጠጥኳቸው፤ ማሳውስ አንድ ቦታ አይሰበስባቸውም?

"ይሰበስባል" አሉ። "ለዚህ ነው ትንንሽ አድርጌ በየቦታው የበታተንኩት።"

ሙሉ በሙሉ አላሳመኑኝም። ቢሆንም አንድ ክምር ላይ ከመሻማት ተራርቆ መጋጥ ይሻላል፤ ይህ ይገባኛል።

አመሻሽ ላይ ማማው ላይ ወጣን። ሁለት እናቶች ከግልገሎቻቸው ጋር ከጫካው ብቅ አሉ። አንዷ ተርኒፑን በፊት እግሯ ጫር ጫር አደረገችው። አጋዘን የላይ ፊት ጥርስ የለውም፤ በታችኛው ጥርሷ እየፋቀች በላችው። ስትቆረጥም ድምፁ እኛ ድረስ ይሰማል። እኔ ትንፋሼን ውጬ፣ ሽማግሌው ደግሞ ፈገግ ብለው እያዩኝ፣ እስኪጨልም ቆየን።

የዚያን ዕለት ባለቤታቸው በሌሊት አትነዳም ብለው እዚያው አሳደሩኝ። የድንች ሾርባቸውን ሁለቴ አስጨመርኩ።

መጋቢት ላይ ማገጡ በሳሳበት ቦታ ዘር ሊበትኑ ነው። ያኔ መሬቱ ሌሊት እየበረደ፣ ቀን እየሟሟ ይሰነጣጠቅና ያችን ደቃቅ ዘር ራሱ ይውጣታል፤ ማረስ አያስፈልግም። መጥተህ አግዘኝ ብለውኛል። ከሥራ ፈቃድ ጠይቄያለሁ።