ጫማ ሊያመጣ ወጥቶ

ሐሙስ ዕለት ዝናቡ ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ያዘኝ። የቀኝ ጫማዬም አፉን ከፈተ። ከገዛሁት ሦስት ወር አይሞላውም፤ ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ብሎ ምሎልኝ ነበር። እያነከስኩ ጃንጥላ ዘርግተው ወደሚሠሩት ጫማ ሰፊ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ይድናል?»

«ማስቲሽ ብቻ አይችለውም፣ ይሰፋል። ቁጭ በል።»

አንድ እግሬን በካልሲ ካርቶን ላይ አሳርፌ ስጠብቅ አሜሪካዊው ጸሐፊ ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ ትዝ አለኝ። ሰሞኑን የማነበው እሱን ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1846 የታደሰ ጫማውን ከሰፊው ሊወስድ ኮንኮርድ ወደምትባለው የማሳቹሴትስ ከተማ ይወጣል። መንገድ ላይ ያዙት። ለዓመታት የነፍስ ወከፍ ግብር አልከፈለም። ባርነትን ለሚፈቅድ መንግሥት አልከፍልም ነው ነገሩ፤ በዚያ ላይ አገሩ ሜክሲኮን መውጋት ጀምራለች። አንድ ሌሊት አደረ፣ ሰው ከፈለለት፣ በማግስቱ ለቀቁት። ጫማውን ወሰደ፣ አጠለቀ፣ ከሰዎች ጋር የዱር ፍሬ ለቀማ ሄደ። እንደዚህ ነው የጻፈው፣ ቀዝቀዝ አድርጎ። ጋንዲም ማርቲን ሉተር ኪንግም ያንን ጽሑፍ አንብበውታል።

ቀና ብዬ አደባባዩን አየሁት። ሜክሲኮ የጣልያንን ወረራ አንቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች፤ ስሙም ለዚያ ውለታ ነው። በሷ ላይ የተነሳውን ጦርነት አልደግፍም ያለ ሰው እዚህ ትዝ ማለቱ ገረመኝ።

ስለ ቶሮ የሚያወራ ሁሉ ያኔ ይኖርበት የነበረውን ጫካ ነው የሚያነሳው። መናኝ ያደርጉታል። መናኝስ አልነበረም። ዋልደን ሐይቅ ዳር የሠራት ቤት ከከተማው የግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ ናት፤ መሬቱም የወዳጁ የኤመርሰን ነው። በየአንድ ሁለት ቀኑ ወሬ ሊሰማ ከተማ ይወጣ ነበር። ቤቷ የፈጀችው 28 ዶላር ከ12 ሳንቲም ተኩል ነው፤ የምስማሩን ዋጋ ሳይቀር መዝግቧል። ቦሎቄ ዘራ። መጨረሻ የለውም የሚባለውን ሐይቅ ድንጋይ ባሰረበት ገመድ ለክቶ 31 ሜትር ገደማ አገኘው። ይቺ የመለካት አመሉ ደስ ትለኛለች።

ቤቷ ሦስት ሜትር በአራት ተኩል ነበረች። እኔ የምከራያት ሰርቪስ ከሷ ትንሽ ታንሳለች። እሱ ግን ወዶ ገባ፣ እኔን ኪራይ አስገባኝ። ከሁለት ዓመት በኋላም ሲበቃው ወጣ። «ቀለል አድርገህ ኑር» ሲለኝ መጀመሪያ የተናደድኩት ለዚህ ነው። የምተወው ምን አለኝና?

ነገሩ የዞረልኝ ቤቷንና እስሩን አንድ ላይ ሳያቸው ነው። አምና መሥሪያ ቤት ያልሠራነውን ሥራ ሠርተናል የሚል ወረቀት ለፊርማ ዞረ። ፈረምኩ። የሶፋ ዕዳ ነበረብኛ! ሶፋው የሰርቪሷን ግማሽ ይዟል፤ በሩ እንኳ በደንብ አይከፈትም። ቶሮን ቢያስሩት ምን ይጎድልበታል? ቦሎቄው ሳይታረም ይቀር ይሆናል እንጂ።

ታሪኩን ለጋሼ አወራሁላቸው። የሶፋውን ትቼ። ወስፌውን ከሶሉ እየመዘዙ ሰሙኝ።

«ለመንግሥት አልከፍልም አለ?»

«አዎ።»

«ለጫማ ሰፊውስ ከፈለ?»

ጽሑፉን በልቤ ሄድኩበት። ጫማው ታደሰ፣ አጠለቀው፣ ፍሬ ለቀማ ሄደ። ስለ ሒሳብ አንድም ቃል የለም። ያ የምስማር ዋጋ የመዘገበ ሰውዬ!

«አልጻፈም» አልኳቸው።

ክሩን በጥርሳቸው በጠሱና ጫማዬን አቀበሉኝ።

«አንተ መቶ ሃምሳ ብር።»