የከርከሮው ጥርስ ከየት ተነሳ?

ለቅሪተ አካል አሰሳ መጀመሪያ ወደ አፋር ስወርድ ጭንቅላቴን የሞላችው ሉሲ ነበረች። የሰው ዘር አጥንት ካልሆነ ምን ዋጋ አለው ብዬ ነበር የማስበው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አንድ ጥርስ አገኘሁ። ወፍራም፣ ጥቁር ቡናማ፣ ላዩ ጉብታ በጉብታ። አፈፍ አድርጌ ኪሴ ከተትኩና ወደ ቡድኑ ሮጥኩ። ዓመታት አጥንት ሲለቅሙ የኖሩ አንድ አፋር አባት አብረውን ነበሩ። ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩትና "የከርከሮ ዘር ነው" አሉ። ቀጠሉና "ከየት አነሳኸው?"

ዞር አልኩ። ኮረብታው ሁሉ አንድ መልክ ነው። ግማሽ ቀን ፈለግን፤ ቦታው ጠፋ።

ያን ማታ ነው ጉዳዩ የገባኝ። ሚሊዮን ዓመት የሞላው አጥንት ዕድሜው በካርቦን አይለካም፤ ካርቦን ከ50 ሺህ ዓመት ገደማ ወዲያ አቅም የለውም። የሚለካው ከላይና ከታች ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው፣ በውስጡ በተጠራቀመው አርጎን የተባለ ጋዝ። የሉሲ 3.2 ሚሊዮን ዓመትም የተገኘው በዚሁ መንገድ ነው። የወጣበት የአፈር ንብርብር ካልታወቀ ጥርሱ ዕድሜ የለውም ማለት ነው።

የናቅኩት ከርከሮም ቀላል አይደለም። የአሳማ ዘሮች የመጨረሻ መንጋጋ ጥርስ በጊዜ ብዛት እየረዘመ ስለሄደ እንደ ሰዓት ያገለግላል። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኬንያ፣ ቱርካና ሐይቅ አጠገብ የአንድ የአመድ ንብርብር ዕድሜ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ተብሎ ነበር። የአሳማ ጥርሶቹ ግን አልተስማሙም። በኋላ ልኬቱ ሲደገም 1.9 ሚሊዮን አካባቢ ሆኖ ተገኘ። አሳማው ረታ!

አሁን እጄ አይቸኩልም። ፀሐይ ጋደል ባለችበት ሰዓት፣ ጠዋትና አመሻሽ ላይ እሄዳለሁ፤ ጥላው አጥንቱን ከጠጠሩ ይለይልኛል። ካጠራጠረኝ በምላሴ ጫፍ እነካዋለሁ፤ አጥንት ብዙ ጊዜ ይጣበቃል፣ ድንጋይ አይጣበቅም። (ለእናቴ አልነገርኳትም።) ከዚያ ትንሽ ባንዲራ እተክላለሁ፣ ቦታውን በጂፒኤስ እመዘግባለሁ፣ ፎቶ አነሳለሁ። ቀና ብዬም ዳገቱን አያለሁ፤ ዝናብ ከላይ አንከባልሎት ሊሆን ይችላላ። የሚፈረካከስ ከሆነ ሳላነሳው በፊት አሴቶን በሚባል ፈሳሽ ውስጥ የሟሟ ሙጫ ጠብ ጠብ አደርግበታለሁ።

ያ ጥርስ ዛሬም ሣጥን ውስጥ አለ። መለያ ወረቀቱ ላይ፣ በራሴ እጅ ጽሑፍ፣ "ቦታው ያልታወቀ" ይላል።